ወረፋ ጠሪው ኮምፒውተር

[2002 ዓ.ም.፣ ኮላ ድባ፣ የቅዳሜ ገበያ ዕለት። የጎንደሬው ነጋዴ የሐጂ ዐብደላ ወፍጮ ቤት ጥግ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል። መስኮቱ በላስቲክ ተለብጧል። የሐጂው ልጅ አኒስ ጎንደር ስድስት ወር ኮምፒውተር ተምሮ የመጣ ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍቷል። አያ ቢያዝን የሚባሉ ገበሬ ዱላቸውን ተደግፈው ከበላዩ ቆመዋል። ከውጭ የወፍጮው ጩኸት ይሰማል።]

አያ ቢያዝን፦ መጀመሪያ የመጣሁ እኔ ነኝ።

አኒስ፦ አይደሉም።

አያ ቢያዝን፦ ነኝ እንጂ። ዶሮ ሳይጮኽ ነው አህያዬን የጫንኩ። እዚህ ስደርስ ዘበኛው እንኳ አልነቃም።

አኒስ፦ እኔ እኮ አላልኩም አያ ቢያዝን። ኮምፒውተሩ ነው ያለው። ይኸው ይዩ፣ «ቀጣይ» የሚለውን ስጫን መጀመሪያ የምትወጣው ታየች ናት።

አያ ቢያዝን፦ ታየች ስትመጣ እኔ ስንቄን በልቼ ጨርሻለሁ። እንዲያውም አህያዋን ያራገፍኩላት እኔ ነኝ።

አኒስ፦ ኮምፒውተር አይሳሳትም።

አያ ቢያዝን፦ እንግዲያ ይዋሻል።

አኒስ፦ አይዋሽምም። እርስዎ አልተመዘገቡ ይሆናላ።

አያ ቢያዝን፦ ጠዋት ስሜን ጠይቀኸኝ በጣትህ ስትቀጠቅጠው አልነበር? «የቢያዝን ዝ የቷ ጋ ናት» ብለህ አስቁመኸኛል። እኔ ምኑን አውቄ።

አኒስ፦ ጠጋ አይበሉብኝ እባክዎ። ጋቢዎ ዱቄት በዱቄት ነው። ዱቄት ከገባበት ይኼ ኮምፒውተር አለቀለት።

[የአኒስ ሞባይል ይጮኻል። ብድግ ብሎ ያነሳዋል።]

አኒስ፦ አቤት አባዬ... አዎ፣ ይሠራል... ኧረ ሕዝቡ ወረፋውን ይዞ እየጠበቀ ነው... ዛሬ? ስድስት ሰዓት ላይ?... እሺ። እሺ አባዬ። [ይዘጋና ወንበሩ ላይ ዘፍ ይላል።]

አያ ቢያዝን፦ ምነው ፊትህ ጠቆረ?

አኒስ፦ አባቴ ከጎንደር ተነስቷል። ይኼ ኮምፒውተር ሰው በወረፋው ሲጠራ በዓይኑ ካላየ ሸጦት እኔን ነገ መተማ ይሰደኛል፣ ሰሊጥ ላስጭን። ወላሂ እዚያ ሙቀት ውስጥ አልተርፍም አያ ቢያዝን። ስድስት ወር የተማርኩት ፕሮግራም ለመሥራት እንጂ ጆንያ ለመቁጠር አይደለም።

አያ ቢያዝን፦ [ለስለስ ብለው] መተማማ ከባድ ነው። ታናሽ ወንድሜ ለአጨዳ ወርዶ ወባ ተሸክሞ ነው የተመለሰ። በል አስተካክለው። እኔ እዚሁ አለሁ።

አኒስ፦ እርስዎ ምን ቸገረዎ። ተራዎ ሲደርስ ያስፈጫሉ፣ ይሄዳሉ።

አያ ቢያዝን፦ [ወደ በሩ እያዩ] እሱስ ነው።

አኒስ፦ ይኼ ወፍጮ አስፈጪው አዳሙ ደግሞ ሞተሩን ከጠዋት ጀምሮ ያስጮኸዋል። ስሙ በኮምፒውተር ያልተጠራ ሰው እህል እንዳታፈስ ብዬዋለሁ።

አያ ቢያዝን፦ ብለኸዋል። እሺ ሲልህም ሰምቻለሁ።

አኒስ፦ እያሟሟቀው ነው መሰለኝ።

አያ ቢያዝን፦ ይመስለኛል።

አኒስ፦ ሦስት ሰዓት ሙሉ?

አያ ቢያዝን፦ ብርድ ነው የዛሬው።

አኒስ፦ ኮላ ድባ? ብርድ?

አያ ቢያዝን፦ ለብረት ማለቴ ነው። አንተ ሥራህን ሥራ።

አኒስ፦ እሺ። ኮምፒውተር ሲያስቸግር የመጀመሪያው መድኃኒት ማጥፋትና ማብራት ነው። እንዲህ ነው የተማርነው።

አያ ቢያዝን፦ ስድስት ወር?

አኒስ፦ ሌላም ተምረናል። [ያጠፋዋል። ያበራዋል። ስክሪኑን ያያል። ራሱን ይይዛል።] ስሙ ሁሉ ጠፋ።

አያ ቢያዝን፦ የእኔ ብቻ ነበር እኮ የጠፋው።

አኒስ፦ አሁን የሁሉም። ሴቭ አላደረግኩትም ነበር። ማለት አላስቀመጥኩትም። የጻፉትን ሳያስቀምጡ ካጠፉት ይጠፋል።

አያ ቢያዝን፦ እህሉን ጎታ ሳታስገባ አውድማውን ጠረግኸው በለኛ።

አኒስ፦ አሥራ ሁለት ሰው ከየት አምጥቼ ልመዝግብ? ደግሞ በየተራቸው።

አያ ቢያዝን፦ ጻፍ። ቢያዝን። ታየች። እንዳልካቸው። ባንቺአየሁ። ወለተሩፋኤል። ከእሷ ቀጥሎ ያ አንካሳ በቅሎ ያለው፣ ተክለ ጊዮርጊስ...

[አሥራ ሁለቱንም አከታትለው ይጠራሉ። አኒስ እየተጣደፈ ይጽፋል፤ አሁን ያስቀምጠዋል።]

አኒስ፦ ይኼን ሁሉ በቃልዎ እንዴት ያዙት?

አያ ቢያዝን፦ ስልቻው በመስመር ተደርድሮ የለም እንዴ? ከፊት የማን፣ ከኋላ የማን እንደሆነ ማንን ይጠፋዋል።

አኒስ፦ ያ የድሮ አሠራር ነው። [ይጫናል። ስክሪኑ ላይ የታየች ስም ይወጣል።] አሁንም ታየች።

አያ ቢያዝን፦ ይቺ ሴት ከኮምፒውተሩ ጋር ዝምድና አላት?

አኒስ፦ ቆይ፣ ለእርስዎ ለብቻዎ አዲስ ቁልፍ እሠራለሁ። «የመጀመሪያውን ሰው ጥራ» የሚል። [ይሠራል። ጊዜ ይፈጅበታል።] ይኸው። አረንጓዴ ላድርገው ሰማያዊ?

አያ ቢያዝን፦ አባትህ የት ደርሰዋል?

አኒስ፦ አረንጓዴ ይሁን። [ይጫነዋል። ምንም የለም። ደግሞ ይጫነዋል።]

አያ ቢያዝን፦ ምነው ዝም አለ?

አኒስ፦ እንጃ። ቁልፉ አለ፣ ይጫናል፣ ግን ምንም አያደርግም።

አያ ቢያዝን፦ ከቁልፉ በስተኋላ ምን አለ?

አኒስ፦ ከቁልፍ በስተኋላ ምን ይኖራል? ኮዱ ነው እንጂ፣ ሲጫኑት ምን እንደሚሠራ የሚነግረው... ኮድ አልጻፍኩለትም።

አያ ቢያዝን፦ ግድግዳ ላይ በር ስለህ ግቡ ትላለህ ልጄ።

አኒስ፦ አሁን እጽፍለታለሁ። [ይጽፋል። ዘግቶ ሌላ ቦታ ያለች ምልክት ሁለቴ ይነካል።] አሁን ይዩ። [ስክሪኑን ያያል።] አረንጓዴው ቁልፍ ራሱ የለም።

አያ ቢያዝን፦ ሰረቁት?

አኒስ፦ ማን ይሰርቀዋል። [ተመልሶ ይጽፋል፣ ደግሞ ይከፍታል። ይጽፋል፣ ይከፍታል።] የጻፍኩትን አይሰማም። ኮምፒውተሩ ቫይረስ ይዞታል።

አያ ቢያዝን፦ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አትቆጣ። የምትጽፈው በዚህኛው ውስጥ ነው። የምትከፍተው ደግሞ ያቺን፣ ጥግ ላይ ያለችውን ነው። ያቺ ምንድን ናት?

አኒስ፦ ያቺማ ፕሮግራሙ ናት። ትናንት አዘጋጅቼ ያወጣኋት... [እጁን አፉ ላይ ያደርጋል።] የትናንቷ ናት።

አያ ቢያዝን፦ አንዱን ማሳ ስታርም ውለህ በሌላው ማሳ «ምነው አረሙ አልጠፋ» ትላለህ?

አኒስ፦ ከመቼ ጀምሮ ነው ያዩት?

አያ ቢያዝን፦ ከመጀመሪያው። እኔማ የተማረ ሰው ነህ፣ ሆን ብለህ ነው ብዬ ነው ዝም ያልኩ።

[አኒስ አዲሱን ፕሮግራም አዘጋጅቶ ይከፍታል። አረንጓዴው ቁልፍ አለ። ቢስሚላሂ ብሎ ይጫነዋል።]

አኒስ፦ ታየች።

አያ ቢያዝን፦ እኔ ልመርቃት እንግዲህ፣ ልጇን ለልጄ ትስጠኝ።

አኒስ፦ [እልህ ይዞት «ቀጣይ»ን ደጋግሞ ይጫናል።] እንዳልካቸው፣ ባንቺአየሁ፣ ወለተሩፋኤል፣ ተክለ ጊዮርጊስ... ሁሉም ይመጣል። መጨረሻ ላይ አንዳርጋቸው። አንድ ልጨምር። [ይጫናል። ኮምፒውተሩ ጢው ይላል።] ሞተ።

አያ ቢያዝን፦ ምን ብሎ ሞተ?

አኒስ፦ በእንግሊዝኛ ነው የጻፈው። ከወሰን ውጭ ሆነሃል ነው የሚለው።

አያ ቢያዝን፦ የማንን ወሰን ገፋህ?

አኒስ፦ የማንንም አልገፋሁም።

አያ ቢያዝን፦ ወሰን የገፋ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚል። ቀበሌ ሽማግሌ ሆኜ አውቀዋለሁ። እስቲ ተረጋጋና አስረዳኝ፤ ለስሞቹ ስንት ቦታ ሰጠሃቸው?

አኒስ፦ አሥራ ሁለት ቦታ። ለአሥራ ሁለት ሰው።

አያ ቢያዝን፦ ቦታው ቁጥር አለው?

አኒስ፦ አለው። ቁጥሩ ከዜሮ ይጀምራል። የኮምፒውተር ነገር እንዲያ ነው፣ መጽሐፉም እንዲያ ይላል።

አያ ቢያዝን፦ አንተስ ስትጠራ ከስንት ትጀምራለህ?

አኒስ፦ ከአንድ ነዋ። ማን ከምንም ተነስቶ ይቆጥራል?

አያ ቢያዝን፦ እኔ።

አኒስ፦ ምን?

አያ ቢያዝን፦ እኛ ቤት እህል ሲሰፈር የመጀመሪያው ቁና አንድ አይባልም። በረከት ነው የሚባል። አንድ ካልከው ቁጥር ገባበት፣ ጎታው ይጎድላል ይላሉ አባቶቻችን። አንድ የምንለው ከበረከት ቀጥሎ ያለውን ነው። አሥራ ሁለት ቁና ከሰፈርክ ቆጠራህ የሚያልቀው አሥራ አንድ ላይ ነው። አሥራ ሁለት ብለህ ከጠራህ የሌለ ቁና ጠርተሃል፣ እፍኝህ ባዶ መሬት ይዝቃል።

[አኒስ ቀስ ብሎ ቀና ይላል።]

አኒስ፦ ይድገሙልኝ።

አያ ቢያዝን፦ ኮምፒውተርህ እንደኛ ነው የሚሰፍር። እኔን በበረከት ቦታ አስቀምጦኛል፣ አክብሮ። አንተ ግን ከአንድ ስለምትጀምር እኔን ዘለህ ታየችን ትጠራለህ። መጨረሻ ላይ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ብለህ ባዶ መሬት ትዝቃለህ፣ እሱም ወሰን ገፋህ ይልሃል። ልክ ነው፣ ገፍተሃል።

አኒስ፦ [ሁለት ቦታ ላይ አንድ አንድ ቁጥር ያስተካክላል። ዓይኑን ጨፍኖ ይጫናል። አንድ ዓይኑን ይገልጣል።] ቢያዝን። «ቢያዝን» ይላል። እስከ መጨረሻው ልሂድ... አንዳርጋቸው... አልሞተም። ስድስት ወር ያልገባኝ ነገር።

አያ ቢያዝን፦ ታዲያ ምነው ቀድመህ ሳትጠይቀኝ?

አኒስ፦ ማን ያስበዋል። ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። አባቴ ሲገባ ሰልፉን ፊት ለፊቱ እየጠራሁ አሳየዋለሁ። [ውጭ ወፍጮው ድምፁ እየወረደ ይሄዳል፤ ይቆማል።] ሞተሩ ምነው ቆመ?

አያ ቢያዝን፦ እህል አልቋላ።

አኒስ፦ የምን እህል?

አያ ቢያዝን፦ የሰዉ።

[አኒስ የመስኮቱን ላስቲክ ገልጦ ያያል። ግቢው ባዶ ነው።]

አኒስ፦ ሕዝቡ የት ሄደ?

አያ ቢያዝን፦ ገበያ። ታየችማ ከሄደች ቆየች።

አኒስ፦ ማን ጠራቸው? እኔ ገና ማንንም አልጠራሁም።

አያ ቢያዝን፦ ስልቻው ተደርድሮ የለም? ከፊት ያለው ያፈሳል፣ ሌላው ወደ ፊት ይጎትታል።

አኒስ፦ አዳሙን ከልክዬው፣ እሺ ብሎኝ አልነበር?

አያ ቢያዝን፦ ብሎሃል እንጂ። እሺ ይበልጣል ከሺ።

አኒስ፦ እርስዎስ?

አያ ቢያዝን፦ እኔማ መጀመሪያ ነው ያስፈጨሁ። መጀመሪያ የመጣሁ እኔ ነኝ እያልኩ ስነግርህ ነው የዋልኩ።

አኒስ፦ ታዲያ ምን ሊሠሩ እስካሁን እላዬ ላይ ቆሙ?

አያ ቢያዝን፦ ስገባማ ተቆጥቼ ነበር። ልሰናበትህ ብል ያ ማሽን መጀመሪያ የመጣሁትን ሰው እንደሌለ ቆጠረኝ። ኋላ መተማ ልትሰደድ መሆኑን ስሰማ ትቼህ መሄዱ አልሆነልኝም። አባትህ ሲመጡ ወረፋ የሚጠብቅ አንድ ሰው እንኳ ባይኖር ምን ልታሳያቸው ነው?

[ከውጭ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል።]

አኒስ፦ መጣ። አለቀልኝ።

አያ ቢያዝን፦ ምኑ ያልቅብሃል? እኔ ወጥቼ እሰለፋለሁ፣ አንተ ጥራኝ።

አኒስ፦ ጠርቼዎት ምን ሊያስፈጩ ነው?

አያ ቢያዝን፦ ዱቄቴን።

አኒስ፦ ዱቄት ይፈጫል እንዴ አያ ቢያዝን?

አያ ቢያዝን፦ ለሴት ልጄ ሰርግ ነው። ከዚህ ይበልጥ ቢልም አይከፋም።

[ይወጣሉ። በመስኮቱ ይታያሉ፤ የዱቄት ስልቻቸውን ከአህያው አውርደው ባዶው ግቢ መሐል ብቻቸውን ይሰለፋሉ። የመኪና በር ይዘጋል። አኒስ ወደ ኮምፒውተሩ ሮጦ አረንጓዴውን ቁልፍ ይጫናል፣ አንገቱን በመስኮቱ ያወጣል።]

አኒስ፦ አያ ቢያዝን፣ ተራዎ ደርሷል።

አያ ቢያዝን፦ [ስልቻውን እየተሸከሙ፣ ወደ በሩ ጮክ ብለው] እንደምን ዋሉ ሐጂ ዐብደላ። ይኼ የልጅዎ ማሽን ሸጋ ነው እኮ። ገና አሁን እግሬ ከመግባቱ ጠራኝ። የሰው ጊዜ አይፈጅም።