ሰላምታ የፈጀው ክፍለ ጊዜ

ሆዴን ይዤ እየሳቅሁ ነው የምጽፍላችሁ፤ ያውም ገና ዲሬክተሩ ጋ ሳልደርስ። ዋናው እሱ ጋ ነው፣ ቆዩኝ።

በኢንተርኔት መማር አንድ ዓይነት ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔ አራተኛ ክፍልን ሁለቴ ጀምሬ የተውኩት ሴትዮ ግን ላስረዳችሁ እችላለሁ። አንዱ ፍለጋ ነው፤ ልጆቹ ጥያቄ ይዘው ገብተው መልሱን ያድናሉ። አንዱ ጉብኝት ነው፤ ጭሮ ከተማችን ቁጭ ብለሽ ባሕር ታያለሽ፣ እግርሽም አይረጥብ። ከሁሉም የሚበልጠው የክፍል ለክፍል ወሬ ነው፤ ሁለት ከተማ ያሉ ልጆች ፊት ለፊት እየተያዩ ይማማራሉ። ወሬ ትምህርት ከሆነማ እኔ እስካሁን ዶክተር ነኝ ማለት አይደል?

ይህን ያስተማረችኝ የወንድሜ ልጅ ምሕረት ናት፤ እዚሁ ጭሮ መምህርት ናት። ትምህርት ቤቷ ኮምፒዩተሮች አሉት፤ ዲሬክተሩ ግን አቧራ ይገባባቸዋል ብለው ዳንቴል አልብሰው ቆልፈውባቸዋል። ስትለምን፣ ስትለምን፣ "አንድ ቀን እከፍትልሻለሁ። ልጆቹ ቁም ነገር ካገኙበት ክፍት ይሆናል፤ ካላገኙ ዳግመኛ እንዳታነሺብኝ" አሏት።

ምሕረት መሰላ ከተማ ካለች መምህርት ጋር ተስማማች። የእኛዎቹ፣ የመሰላ ሰው ውሃ ከየት እንደሚቀዳ ይጠይቃሉ። ለኢንተርኔቱ የተሞላው ካርድ የሚበቃው ለአንድ ክፍለ ጊዜ ነው። እኔም የወላጅ ተወካይ ሆኜ ፊት ወንበር ላይ ተሰየምኩ።

የመሰላዎቹ ብቅ እንዳሉ አንዷ ተማሪያችን ተነስታ "ውሃ ከየት" ስትል አላስቻለኝም። ሰው ሰላም ሳይል ውሃ ይጠይቃል? ልጅቷን አስቀመጥኩና በኦሮምኛችን "አታም ጂርቱ" ብዬ ደኅንነታቸውን መጠየቅ ጀመርኩ። የመሰላዋ ወላጅ ወይዘሮ ፋጡማ አልሐምዱሊላህ ብላ፣ በተራዋ ጤናዬን፣ ልጆቼን፣ ዝናቡን ጠየቀች። እኔ ማሽላውን፣ ፍየሎቹን፣ ጎረቤቱን ጠየቅሁ። ልጆቹስ ከማን ያንሳሉ? እየተነሱ ሰላም ይባባሉ ጀመር። ምሕረት ከኋላዬ "አክስቴ፣ በፈጠረሽ፣ ካርዱ እያለቀ ነው" ትላለች። ፋጡማ ሳትጨርስ ባቋርጣት ምን ትለኛለች አልኳት።

ከኋላ ተቀምጠው የሚታዘቡን ዲሬክተር ተቆጥተው ይሆን ብዬ ዘወር ስል ሰውዬው ቆመዋል። ለካ በመሰላ በኩል አብሮ አደጋቸው የሆነ መምህር ብቅ ብሎ ኖሯል። እኔን በትከሻቸው ገፋ አድርገው ካሜራው ፊት ተደቀኑ። እናቱን ጠየቁ፣ ቤቱን ጠየቁ፣ ከዚያ ያቺ ላም ወለደች ወይ አሉት። መምህሩ ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ካርዱ አለቀ። ሰውዬው አፉን እንደከፈተ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀረ።

ውሃው አልተጠየቀም። ምሕረት ፊቷ ጠቁሮ ኮምፒዩተሩን ልታጠፋ ተነሳች። ዲሬክተሩ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው አገላበጡት፤ አንዴ የደረቀውን ወዳጃቸውን፣ አንዴ እሷን አዩና እጇ ላይ አኖሩላት።

"ካርዱን እኔ እሞላለሁ፤ ነገ ጠዋት ክፈቺው። ላሟ ትውለድ አትውለድ ሳላውቅ እንዴት ነው የምቆልፈው?"