ክዳኑ ያልተነሳለት የግራፊክስ ካርድ

የላፕቶፕና የዴስክቶፕ ግራፊክስ ካርድ አወዳዳሪ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ኅዳር 9
ሰዓት፦ ከቀኑ 8፡00 ተብሎ 8፡35
ቦታ፦ የሕንፃ ንድፍ ቢሮው መሰብሰቢያ ክፍል፣ በሩ የማይዘጋው

የተገኙ፦
1. ምክትል ሥራ አስኪያጁ፣ ሰብሳቢ
2. የግዢ ኃላፊው፣ በቢሮው አጠራር «ያው ነው»፣ አባል
3. የንብረት ክፍል ኃላፊው፣ አባል
4. አንጋፋው መሐንዲስ፣ ጋሼ፣ አባል
5. የስሪዲ ባለሙያዋ (ምን ሆና እንደተገኘች በአጀንዳ 1 ይወሰናል)

ምልዓተ ጉባኤ፦ አራቱም አባላት ካልተገኙ ስብሰባ የለም። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ስለነበር ተገኝተዋል ወይስ ተኝተዋል በሚለው ላይ ውይይት ተደርጓል። «እየሰማሁ ነው» ስላሉ ተቆጥረዋል።

አጀንዳ 1፦ ፀሐፊ ስለመሰየም

ሰብሳቢው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለው ጀመሩ። ዛሬ 10፡00 ሰዓት ላይ አዲስ ትምህርት ቤት ሊያሠሩ ያሰቡ ርዕሰ መምህርት ይመጣሉ። ገና ያልተሠራውን ሕንፃ በስክሪን ላይ እየተዘዋወሩ ማየት ይፈልጋሉ። ምስሉ እንደ ባለፈው ከተንቀረፈፈ ሥራው ለሌላ ቢሮ ይሄዳል፣ እንዲህ ያለውን ምስል የሚሠራው የስሪዲ ክፍልም ይዘጋል። የስሪዲ ክፍሉ ማለት ባለሙያዋ ናት፤ ሌላ ሰው የለበትም። ስለዚህ ለሙከራ ከመጡት ከላፕቶፑና ከዴስክቶፑ የትኛው እንደሚገዛ ዛሬውኑ መወሰን አለበት።

ያው ነው፣ ማሽኑን የምትሠራበት ራሷ ባለሙያዋ ስለሆነች «ማዳላቷ አይቀርም» ሲሉ አሳሰቡ። ከረጅም ውይይት በኋላ እሷ ፀሐፊ እንድትሆን፣ ፀሐፊም በቢሮው ደንብ መሠረት ድምፅም አስተያየትም እንዳይኖራት በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ሙሉ ድምፅ የተባለው ከሷ በቀር ነው። ፀሐፊዋ እጇን ስታነሳ ሰብሳቢው «የፀሐፊ እጅ ለብዕር ነው፣ እህቴ» ብለዋታል። ይኸው ጽፋዋለች።

አጀንዳ 2፦ ሙከራ

ያው ነው ምስሉን በሚያንቀሳቅሱት በሁለቱም ካርዶች ላይ የተጻፈው ስምና ቁጥር አንድ መሆኑን አሳይተው «ያው ነው!» አሉ። ጋሼ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ የላፕቶፑ ካርድ በስስ ገላው ውስጥ ሆኖ እንዳይግል የሚሰጠው ኃይል ከዴስክቶፑ ሲሶው ቢሆን ነው ካሉ በኋላ «ሞክሼ ሁሉ ጉልበቱ እኩል አይደለም» አሉ። ያው ነው «ታዲያ ስማቸውን ለምን አንድ አደረጉት?» ሲሉ ጠየቁ። ጋሼ «ለመሸጥ ነዋ» ብለው መለሱ።

ላፕቶፑ ተሞከረ። የትምህርት ቤቱን ኮሪደር በሰከንድ ሰባ ምስል ጥሩ አድርጎ አሳየ። ያው ነው «ያለ መብራትም እኮ ይሄዳል!» ብለው ቻርጀሩን ሲነቅሉት ሃያ ስድስት ሆነ። ማራገቢያው ሲጮህ ሰብሳቢው ድምፁን እንዲቀንስና ሥርዓት እንዲያከብር አዘዙት። አልቀነሰም።

ዴስክቶፑ ቀረበ። የንብረት ክፍል ኃላፊው ካርዱ ርክክብ ያልተፈጸመበት ዕቃ ስለሆነ በመሰኪያዎቹ ላይ ያሉት ጥቋቁር የላስቲክ ክዳኖች እንደማይነሱ አስታወቁ። «ጠፍቶ እኔ ልጠየቅ?» ብለዋል። ስለዚህ የስክሪኑ ገመድ ክዳን የሌለው ቀዳዳ ተፈልጎለት፣ ከካርዱ ውጭ በማሽኑ ዋና ቦርድ ላይ ተሰካ። ያ ሁሉ ካርድ ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። በሰከንድ ዘጠኝ ምስል ታየ። የትምህርት ቤቱ በር ተከፍቶ እስኪያልቅ ሰብሳቢው አንድ ስልክ አንስተው አውርተው ዘግተዋል።

ፀሐፊዋ እጇን አነሳች። ዝምታ ወርቅ መሆኑ ተነገራት።

አጀንዳ 3፦ ውሳኔ

ሃያ ስድስት ከዘጠኝ ስለሚበልጥ ላፕቶፑ እንዲገዛ በጭብጨባ ተወሰነ። ጋሼ አላጨበጨቡም።

በደንቡ ፀሐፊ አፏን የምትከፍተው የጻፈችውን ለማጽደቅ ስታነብ ብቻ ነው። ስለዚህ አነበበች፦ «ገመዱ ካርዱ ላይ አልተሰካም። ላፕቶፑ የተወዳደረው ከተከደነ ዕቃ ጋር ነው።» ሰብሳቢው ይህን የተናገረ ሰው እንደሌለ፣ ማንም ያልተናገረው ነገር ደግሞ ቃለ ጉባኤ ውስጥ እንደማይገባ ገልጸው ይሰረዝ አሉ። ያኔ ጋሼ ዓይናቸውን ገለጡ።

«እኔ ነኝ ያልኩት። በስሜ ጻፊው፣ ልጄ።»

ያው ነው ጋሼ ምንም እንዳላሉ በመግለጽ ተቃወሙ። ጋሼም «እንግዲያው አሁን አልኩ» አሉ። ተጽፏል።

ጋሼ ተነስተው አንዱን ክዳን በጥፍራቸው ፈለቀቁት፤ ተፈናጥሮ ወደቀ። የንብረት ክፍል ኃላፊው «ኧረ በሕግ አምላክ!» እያሉ ጠረጴዛ ሥር ገቡ። ገመዱ ካርዱ ላይ ተሰካ። በሰከንድ መቶ አርባ ምስል! ፀሐፊዋ ይህን ሕንፃ አራት ወር ሙሉ ስትሠራ ሳይንገጫገጭ ያየችው ገና ዛሬ ነው። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ይህ አስተያየት አይደለም።

አጀንዳ 4፦ ስለ ክዳኑ

የንብረት ክፍል ኃላፊው ከጠረጴዛው ሥር ሆነው፣ ክዳኑ ሊገኝ ስላልቻለ ዴስክቶፑ ታሽጎ ወደ መጋዘን እንዲገባ ጠየቁ። በዚህ መሀል ጥበቃው አንገቱን አስግጎ እንግዳዋ ቀድመው መጥተው ኮሪደር ላይ እንደተቀመጡ ተናገረ። አጀንዳ ስላላስያዘ ተመለሰ። ከረጅም ውይይት በኋላ ዴስክቶፑ እንዲታሸግ፣ ላፕቶፑም ግዢው እስኪፈጸም እንዳይነካ፣ እንግዳዋም ሕንፃውን ባለፈው በተንቀረፈፈው አሮጌ ማሽን እንዲያዩ ሦስት ለአንድ ተወሰነ። አንዱ ጋሼ ናቸው። ፀሐፊዋ በዚህ ጊዜ እጇን አላነሳችም፤ ኪሷ ውስጥ ነበር።

አጀንዳ 5፦ ልዩ ልዩ

ጋሼ «ሴትየዋ ‹ለምንድነው እንዲህ የሚንቀረፈፈው?› ካሉ፣ ማን ወሰነው እንበላቸው?» ብለው ጠየቁ። ሰብሳቢው «ኮሚቴው ነዋ» አሉ። በቃለ ጉባኤው ላይ ሁሉም እንደሚፈርሙ ሲታወስ ሁሉም እስክሪብቷቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ያው ነው «ብንፈርምም ባንፈርምም...» ብለው ሳይጨርሱት ተዉት።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ማንም በምንም እንዳይጠየቅ፣ ከአጀንዳ 1 እስከ አጀንዳ 4 የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። አባላቱ እፎይ ብለው ፈረሙ። ስብሰባው 9፡56 ላይ ተበተነ።

ማስታወሻ፦ በአጀንዳ 5 ውሳኔ መሠረት ዴስክቶፑ ይታሸግ የሚል ውሳኔ የለም። ፀሐፊ የሚባልም አልተሰየመም። ስለዚህ ድምፅ አለኝ ማለት ነው፤ ተጠቅሜበትም «ይግቡ፣ እትዬ፣ ትምህርት ቤትዎን ላስጎብኝዎት» ብያለሁ። ማሽኑ እንደበራ ነው።

ክዳኑ ኪሴ ውስጥ ነው።