ክቡር አይቀነስም እና የድልድዩ ማዶ ድብ

በየመሥሪያ ቤቱ በአንድ ቃል የሚኖር ሰው አይጠፋም። የኛው ሰው ቃል «አይቀነስም» ነው። እኛም ስሙን ትተን «ክቡር አይቀነስም» አልነው።

ጌም እንሠራለን፤ ተጫዋቹ በሰፊ ዓለም ውስጥ ደስ ወዳለው አቅጣጫ እየሄደ፣ ያገኘውን እየተዋጋ የሚጠነክርበት ዓይነት። ክቡርነቱ የውጊያው ኃላፊ ነው። የትኛው አውሬ ምን ያህል እንደሚመታ፣ ስንት ምት ችሎ እንደሚወድቅ የሚወስነው እሱ ነው። የኔ ሥራ ጌሙ ሳይወጣ መፈተሽ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በደመወዝ እሞታለሁ።

ከሁሉም የከፋው በድልድዩ ማዶ ያለው ድብ ነው። በአንድ ሳምንት አርባ ሦስት ጊዜ ገደለኝ። ጠረጴዛው ድረስ ሄጄ፣ «ኧረ በናትህ፣ ይሄ ድብ ሰው አያሳልፍም፤ ትንሽ ቀንሰው» አልኩት።

ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ፣ «ድቡ ምን አጠፋ? አንቺ ነሽ የቸኮልሽው» አለኝ።

«ተጫዋቹ ተናዶ ቢተወውስ?»

«ዓለሙ ሰፊ ነው፣ በሌላ በኩል ይሂድ። ሲጠነክር ይመለስ። እኛ ካሸነፍንለት እሱ ምኑን አሸነፈ? አይቀነስም።»

አለቃችን ለመኑት፤ አልሰማም። ሠዓሊዋ አኮረፈችው፤ ማኩረፏንም አላወቀም።

አንድ ቀን ከሰዓት የክቡርነቱ ታላቅ እህት ቢሮ መጡ። ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፣ ልብስ እየሰፉ። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ግን ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሎ የስፌት መኪናቸው ተሸፍኖ ተቀምጧል። «እስቲ ሥራህን ልየው» ብለው ጆይስቲኩን ጭናቸው ላይ አድርገው በግራ እጃቸው ጀመሩ። ድቡ ገደላቸው። ደገሙት፤ አሁንም ገደላቸው።

ክቡርነቱ ፊቱ አመድ መስሎ፣ «እትዬ፣ ትንሽ ላስተካክለው…» ሲል አቋረጡት።

«እቤት ሁሉም ሰው ሁሉን ነገር አቅልሎልኛል። የልብሴን ቁልፍ እንኳ ራሴ አልቆልፍም። አንተ ደግሞ እንዳትጀምረኝ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክቡርነቱ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀኝ እጁን ኪሱ ከቶ ተጫወተ። ስንት ጊዜ እንደሞተ እኔ ነኝ የማውቀው። በመጨረሻ ድቡ ከመምታቱ በፊት ትከሻውን ከፍ አድርጎ ትንፋሹን እንዲስብ አደረገው፤ ልብ ብሎ ያየ ሰው ይሸሻል። ተጫዋቹ የሚሸሽበትንም የሚመታበትንም አንድ እጅ የሚደርስባቸው ቁልፎች ላይ አመጣቸው።

እህቱ ተመልሰው መጡ። አሥራ አንድ ጊዜ ሞቱ። በአሥራ ሁለተኛው ድቡ ወደቀ።

አልጮሁም። ወደ ወንድማቸው ዞረው፣ «አዝነህልኝ ነው?» አሉ።

«አይደለም፣ እትዬ።»

«አንተን አላምንህም። አንቺ ልጅ፣ እስቲ አንቺ እዪልኝ» አሉኝ።

የድቡን ሰንጠረዥ ከፈትኩ። ጉልበቱም፣ የምቱ ክብደትም እንደነበረ ነው።

«አንዲት ቁጥር አልተነካችም» አልኳቸው።

ያኔ ነው ያለቀሱት። እሱ ንጹሑን ስክሪን በእጅጌው ይወለውል ጀመር። ከዚህ ሰው ጋር ዓመት ሙሉ ስነታረክ የኖርኩት እኔ፣ ተነስቼ ለሁለቱም ውሃ ቀዳሁ።