ከወገብ በላይ መጤ

ትናንት በሕልሜ ቀበሮዎች ስለ እኔ ጥናት ሲያቀርቡ ሰማሁ። የዩኒቨርሲቲያችን አዳራሽ ተራራ ጫፍ ላይ ነበር። የፊት ወንበሮችን ጭላዳዎች ይዘዋል፤ ዋልያዎች ቀንዳቸው አላሳልፍ ብሏቸው በር ላይ ቆመዋል። መድረኩ ላይ «ሰው ሳያልቅ እንወቀው» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። እኔ ከመድረኩ ሥር ተቀምጫለሁ፤ አንገቴ ላይ ውሎዬን የሚከታተል ሬዲዮ ታስሯል። ለጥናቴ ስል እኔ ራሴ ቀበሮ አንገት ላይ የማስረው ዓይነት ነው።

አጥኚዋ ቀይ ቀበሮ መነጽሯን አስተካክላ ጀመረች። ይህ ወንድ ነው አለች። ጠዋት ከጎጆው ወጥቶ የታክሲ ሰልፍ ውስጥ ይቆማል፤ ሲደሰት ጥርሱን ያሳያል፤ ሲናደድም ያሳያል። አንዲት ጭላዳ ምን እንደሚበላ ጠየቀች።

«እስካሁን ያየነው ወረቀት ሲያቀርብ ነው» አለች ቀበሮዋ። «ሲበላ ገና አላየንም።»

አዳራሹ አዘነልኝ። አንድ ዋልያ ከበር ላይ ሣር ወረወረልኝ።

ያኔ ጃርት እጁን አወጣ። ሁሉም ሲያጉረመርም በየስብሰባው ለመጠየቅ ብቻ የሚመጣ ጃርት መሆኑ ገባኝ።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ይሄ ፍጡር የአገሩ ነው ወይስ እንደ እንቦጭ ከውጭ የገባ?»

የአገሩ ከሆነ ተራራ ተከልሎለት ይጠበቃል። መጤ ከሆነ ቅዳሜ በዘመቻ ይነቀላል። ጭላዳዎቹ ከወዲሁ እጅጌያቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ደንግጬ የተወለድኩት ደብረ ብርሃን ነው አልኩ።

«ሰማችሁ?» አለች ቀበሮዋ። «ሴት ሲፈልግ እንዲህ ይጮኻል።»

ተወላጅ በአንድ ነገር ይለያል ብለው ተስማሙ፤ ሽማግሌ ሲገባ በሚያደርገው። በሩ ተከፈተና የክብር እንግዳው፣ ጥርሱ እስከ ጆሮው የዞረ ሽማግሌ ከርከሮ፣ ገባ። አዳራሹ በሙሉ «ኖር!» ብሎ ተነሣ።

እኔ ማሰብ ጀመርኩ። በተማርኩበት የውጭ አገር ለፕሮፌሰር እንኳ የሚነሣ የለም። ብነሣ ማስመሰል ይሆንብኝ ይሆን? ባልነሣስ ንቀት? ይህን ሳወጣ ሳወርድ ጉልበቴ ተነሣ፣ ጭንቅላቴ ቀረ። ቂጤ አየር ላይ ተንጠለጠለ። ጃርቱ መጣና ከጀርባው አንድ እሾህ ነቅሎ በእኔና በወንበሩ መካከል ያለውን ክፍተት ለካ።

«ግማሽ ነው» አለ። «ከወገብ በታች ተወላጅ፣ ከወገብ በላይ መጤ።»

እንግዲያው የላዩን ብቻ እንንቀል ተባባሉ። ከርከሮው ግን ቀስ ብሎ መጥቶ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

«በእግዜር ልጄ፣ ተቀመጥ» አለ።

እንደተነሣ ሰው ቆጠረኝ ማለት ነው። ዳንኩ ብዬ ደስ እያለኝ ተቀመጥኩ።

አዳራሹ «ውይ» አለ።

«ተቀመጠ» አለች ቀበሮዋ፣ መነጽሯን እያወለቀች። «አንዴ ሲለመን ተቀመጠ። እርስዎ ይቀመጡ እንኳ አላለም።»

ጃርቱ ትከሻዬን ይዞ ይነቅለኝ ጀመር። ዶክተር፣ ዶክተር ይላል። ዓይኔን ስገልጥ ትከሻዬን የሚነቀንቀው የዩኒቨርሲቲያችን የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ አቶ ስንሻው ነው። ስለ ቀይ ቀበሮ ንግግር ላደርግ መጥቼ፣ የክብር እንግዳውን ስንጠብቅ ፊት ወንበር ላይ እንቅልፍ ጥሎኝ ኖሯል። እንግዳው ገብተዋል፤ ሰው ሁሉ ቆሟል።

ባለ በሌለ ኃይሌ ዘልዬ ተነሣሁና «ኖር!» አልኩ። ተቀመጥ ሲሉኝ እርስዎ ይቀመጡ አልኩ። ደግመው ለመኑኝ፤ ኧረ አይሆንም አልኩ። በፈጠረህ ብለው ሲያስገድዱኝ ነው የተቀመጥኩት፣ ያውም ከእርሳቸው በኋላ።

እንግዳው ፊታቸው በራ። ወደ አቶ ስንሻው ጠጋ ብለው፣ «ከውጭ የመጣው ይሄ ነው?» አሉት። «አማርኛውን እንዴት አድርጎ ለምዶታል።»