የጎባጣው ፒራሚድ ጠበቃ

በየፒራሚዱ ሥር፣ የሞተውን ንጉሥ እንደ ሥጋ ዘመዱ የሚቆጥር አንድ ሽማግሌ አይጠፋም። ለኛ ለግብፅ ዳህሹር ሰዎች የደረሱን ክቡር ሐጂ ሸሃታ ናቸው።

የሐጂና የኔ ሥራ ጥበቃ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አሸዋው ላይ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ተጋርተን ተቀምጠናል። እሳቸው ያወራሉ፣ እኔ ሻይ አፈላለሁ። ሰው ፊት ቃል አይወጣልኝም፤ ይህ ጠባዬ ለሳቸው በጣም ተስማምቷቸው ነበር።

ፒራሚዳችን ከወገቡ በላይ ጎበጥ ያለ ነው። ሠሪዎቹ ሽቅብ ቀጥ አድርገው ጀመሩት፤ ግማሽ ላይ ድንጋዩ ሲሰነጠቅባቸው ጋደል አደረጉት ይባላል። ይህን ሐጂ ፊት የተናገረ ወዮለት።

አንድ ቀን ከካይሮ የመጣ አስጎብኚ ለእንግዶቹ፣ «ይኸውላችሁ ስህተቱ» አላቸው።

«ምን አልክ አንተ?» ሐጂ በዱላቸው መንገዱን ዘጉ። «ስህተት አባትህ ቤት ሄደህ ፈልግ! ንጉሥ ስነፍሩ ሐሳቡን ቀየረ። ንጉሥ ሐሳቡን አይቀይርም?»

«ኧረ ሐጂ፣ መጽሐፉ ላይ እኮ...»

«መጽሐፉን የጻፈው ሰውዬ ድንጋይ ተሸክሞ ያውቃል?»

እንግዶቹ ፎቶ አነሷቸው። ሐጂ ቁጣቸውን ሳያበርዱ ጺማቸውን አስተካከሉ።

ትልቁ ፒራሚድ ያለበትን ጊዛን ደግሞ አይወዱም። «የስነፍሩ ልጅ ኩፉ ጋ ሰው እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል። አባትየው ሦስት ፒራሚድ አቁሞ ሲያበቃ እዚህ ብቻውን ተጎልቷል። የዛሬ ልጅ!» ይላሉ። የዛሬ ልጅ የሚሉት ከሞተ አራት ሺህ ምናምን ዓመቱ ነው።

የሳቸው ልጅ ነጃት እስክንድርያ ናት። ለዒድ ትደውላለች።

ዘንድሮ ግን ከረመዳን በኋላ ራሷ መጣች፣ ልትወስዳቸው። ጉልበታቸው ደክሟል፣ እውነቷን ነው። ሐጂ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ቀና ብለው አዩኝ።

«ኡወይስ፣ አንተ ምን ትላለህ?»

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ጠይቀውኝ መልሴን ሲጠብቁ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

«ይሂዱ ሐጂ። የባሕሩ አየር ይስማማዎታል» አልኩ። ባሕር አይቼ አላውቅም።

አሁን አግዳሚው ሰፍቶኛል። እጄ ስለለመደ ሻይ የማፈላው ለሁለት ነው፤ ሁለተኛው ብርጭቆ እዚያው ይቀዘቅዛል። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴትዮ ፒራሚዱን አይታ «ውይ፣ ተበላሽቶባቸዋል!» ብላ ሳቀች። ብድግ አልኩ። አፌም ተከፈተ። ምንም አልወጣውም፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ንጉሡ ያለ ጠበቃ ዋለ።

ጽሕፈትም ብዙ አይሆንልኝም፤ ይህችን ደብዳቤ ለመጨረስ ስድስት ቀን ፈጅቶብኛል። ነጃት እህቴ፣ እባክሽ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው፣ ጆሯቸው ትንሽ ይከብዳል።

ሐጂ፣ ያን ቀን «ይሂዱ» ያልኩት «ይቅሩ» ማለት አፍሬ ነው። ግማሽ መንገድ ደርሶ ሐሳብ መቀየር ስህተት እንዳልሆነ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። እኔ ቀይሬያለሁ። እርስዎስ?