መጽሐፉን ያነበቡት ጋሽ ተስፋሚካኤል

ቪዲዮ ቤት ያለ ቴሌቪዥን ሊከፈት ይችል ይሆናል፤ መጽሐፉን ያነበበ ሰው ሳይኖርበት ግን በፍጹም አይከፈትም። እንዲህ ዓይነቱ ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ ንገሩኝና ዛሬውኑ ዕቃዬን ጭኜ ልግባበት።

ለእኛ ለሳሪስ አቦዎች የደረሱን ክቡር ጋሽ ተስፋሚካኤል ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ የልብ ወለድ ዘበኛ፣ የፊልም ሠሪ ሁሉ ደመኛ። ከመጽሐፍ የተሠራ ፊልም መጣ ከተባለ ካፖርታቸውን ደርበው ከሁላችን ቀድመው የፊተኛው አግዳሚ ላይ ይሰየማሉ። ከዚያ የተዋናዮቹ ስም ተጽፎ ሳያልቅ ይጀምራሉ፤ «መጽሐፉ ላይ እንዲህ አይደለም።»

አንድ ጊዜ ፍቅረኛው ወንዙን ተሻግሮ በእግሩ መምጣት ሲገባው በመኪና መጣ። ጋሼ ብድግ አሉ። «መኪና ካለው ምን ችግር አለበት? እኔ ያን ሁሉ ገጽ ያለቀስኩት ጫማው አልቆ ነው።» ሌላ ጊዜ ደግሞ ዝናብ ጠፋ። «ምዕራፉን በሙሉ ይዘንባል እኮ። ምን ይቸግራቸዋል? ነሐሴን መጠበቅ ነው።» ባልቴቷ ስታወጣ ስታወርድ የከረመችውን ሐሳብ ፊልሙ በአንድ ዘፈን ሲገላግላት ግን ተስፋ ቆርጠው ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፉ። ከባርኔጣው ሥር ሆነውም አስተያየት ይሰጡ ነበር።

«ኧረ ጋሼ፣ በፈጠረዎት ዝም ይበሉ» እንላቸዋለን።

«እኔ ዝም ብል መጽሐፉ ዝም ይላል?» ይላሉ። በእኚህ ሰውዬ የተነሳ አንድም ፊልም በሰላም አይቼ አላውቅም፤ ስንቴ ረግሜያቸዋለሁ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የግቢያችንን ሰው ቢፍቱን ይዣት ገባሁ። ልጇ ልዕልት ሳንባዋን ታማ ሆስፒታል ከተኛች ሰንብታለች፤ መጠየቂያ ሰዓት እስኪደርስ ትንሽ ትርሳው ብለን ነው ጎትተን ያመጣናት። ምሳ ዕቃውን ጭኗ ላይ አቅፋ ተቀመጠች። ምን ዓይነት ፊልም ነው ብሎ የጠየቀ ግን ከመካከላችን አልነበረም፤ ጅሎች። ፊልሙ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ወጣቷ ባለታሪክ ሳንባዋን ታማ ሆስፒታል ገባች። ሐኪሙ ሊናገር አፉን ሲከፍት መብራት ጠፋ።

መብራት መጥፋቱ ብርቅ አይደለም፤ ሁላችንም «ኤጭ» ብለን ባለንበት ቁጭ አልን። ከጨለማው ውስጥ የቢፍቱ ድምፅ መጣ።

«ጋሼ፣ እርስዎ አንብበውታል። ልጅቷ ትድናለች?»

መጽሐፉን እኔም አንብቤዋለሁ። ልጅቷ ጾሙ ሳይፈታ ትሞታለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ለቅሶ ነው። የሚመልሱት ደግሞ ዝናብ ለምን ቀረ ብለው አገር የሚያምሱት ሰውዬ ናቸው።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ትድናለች እንጂ፣ ልጄ። ትንሽ ታስጨንቃለች፤ ከዚያ ላብ ያልባትና ትኩሳቱ ይለቃታል። ‹ራበኝ፣ ምግብ አምጡልኝ› ትላለች። በኋላም ትዳራለች። ሠርጓ ላይ እናቷ እስክስታ ወርዳ ወርዳ፣ በማግስቱ ወገቧን ይዟት ነው የዋለችው።»

ቢፍቱ ሳቀች። ስትስቅ ከሰማኋት ከርሜ ነበር። ነጠላዋን አስተካክላ ምሳ ዕቃዋን አንጠልጥላ ወደ ልጇ ሄደች።

መብራቱ አልመጣ ብሎ ስንወጣ በሩ ላይ ጋሼ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«አንተ፣ መጽሐፉን አንብበኸዋል?»

«ኧረ አላነበብኩትም» አልኩ።

«እንግዲያው አታንብበው» አሉ። «ፊልሙ ይሻላል።»