የሰይድ ታንክ ስኬሉ አልገጠመም

አንድ ሽማግሌ ዛሬ በአሻንጉሊት ታንክ ተዋረደ ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እመኑ። ሽማግሌው እኔ ነኝ!

ሳቁ። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡ። ፊደል የቆጠርኩት ጢም አብቅዬ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ስሕተት ካገኛችሁ ለደርግ ኮመንት ጻፉለት።

እዚህ ሐይቅ ከተማ ጠረጴዛ ላይ ጦርነት የሚጫወቱ ወጣቶች አሉ። ጣት የሚያካክሉ ወታደሮች፣ የካርቶን ቤቶች፣ የሚወረወር ዳይስ። ሰሞኑን በመስኮት ሳያቸው ከርሜ ዛሬ ታንኬን በፎጣ ጠቅልዬ ገባሁ።

ታንኬ አልኩ እንጂ የሰይድ ነው። ሰይድ በደርግ ጊዜ የአሰብ መኪና ረዳት የነበረ ጓደኛዬ ነው። አንድ ቀን ከመኪናው ጋር እንደወጣ ቀረ። የት እንደወደቀ እንኳ የነገረን የለም። የቀረኝ ይሄ የብረት ታንክ ነው። አንዴ ብቻ ጨዋታ ውስጥ ገብቶ ላየው ፈለግኩ። ጉዳዬ ይኸው ነው!

ያሲን የሚባለው የልጆቹ አለቃ ታንኩን ከአንድ ወታደር አጠገብ አቆመው።

«ጋሼ፣ ስኬሉ፣ ማለቴ የመጠን ልኩ፣ አይገጥምም።»

በሉ እንግዲህ!

«የእኛ ወታደሮች አንድ ለሃምሳ ስድስት ናቸው። የእርስዎ ታንክ ወደ አንድ ለዘጠና ይጠጋል። ወታደሩ ልግባ ቢል ጉልበቱ ውጭ ያድራል።»

ሁሉም ሳቁ። በእኔ! ስለ ልክ! በዚሁ በልክ የተነሳ ልረሸን በነበርኩት ሰውዬ!

ልንገራችሁ።

ያኔ ሰይድ ከአሰብ የአሻንጉሊት ታንክና ጂፕ አምጥቶ ነበር። ከሥራ ስንመለስ ደጃፋችን አፈር ላይ ከጭቃ ወታደሮች ጋር እናሰልፋቸዋለን። አዎ፣ ሚስት ያገባን ሰዎች! ችግሩ፣ ጂፑም ታንኩም ርዝመታቸው እኩል ነው። ሁለቱም አንድ መዳፍ።

«ጂፕ ታንክ አክሎ የት ታይቷል?» አልኩት።

«አብሽር፣ ፋብሪካው ካንተ ይበልጥ ያውቃል።»

አንጀቴን አሳረረው!

ብዙም ሳይቆይ ወደ ውጫሌ የሚያልፍ የጦር ኮንቮይ ከተማችን ጫፍ ላይ ቆመ። ወታደሮቹ ሻይ ይጠጣሉ። እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ጋቢዬን ጣል አድርጌ ሄድኩና አንዱን ጂፕ በክንዴ ለካሁ። ማንም ምንም አላለኝ። ልብ አገኘሁ። ወደ ታንኩ ዞርኩ።

በደርግ ዘመን! ታንክ! በክንድ!

ግማሹ ላይ ሳልደርስ አፈሙዝ ጆሮዬን ነካኝ።

«ለማን ነው የምትለካው?»

እውነቱን ተናገርኩ። «ለአሻንጉሊት ነው ጌታዬ።»

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ታምኑኝ ነበር?

ሻምበሉ ፊት አቆሙኝ። «ዕድሜህ ስንት ነው?» ሲለኝ «ሁለት ልጆች አሉኝ» አልኩት። ምላሴ ተሳስሮ!

ሰይድ ወሬው ደርሶት አሻንጉሊቶቹን ታቅፎ እየሮጠ መጣ። ቤቱ ድምፁን አጥፍቶ መቀመጥ ይችል ነበር እኮ። «ወላሂ ጌታዬ፣ ይሄ ሰው ጅል ነው እንጂ ሰላይ አይደለም!»

እንዲህ ያለ ጠበቃ ይስጣችሁ።

ሻምበሉ ሁለቱን አሻንጉሊቶች እውነተኛው ታንክ ላይ ደርድሮ አያቸው። ከዚያ በሳቅ ፈነዳ።

«እውነቱን ነው እኮ! ይሄ ጂፕ ከልኩ አልፏል!» ብሎ ጂፑን ኪሱ ከተተው። «ጥፋተኛውን እኔ ወስጄዋለሁ፤ ሂዱ!»

ከዚያ ወዲያ ሐይቅ ስሜን ረስቶ «ታንክ ለኪው» ሲለኝ ኖረ።

ደርግን አልናፍቅም፤ ጥንቅር ብሎ ይቅር። ያንን ደጃፍ ግን... ሰይድ ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ፣ በአፉ «ዱም!» እያለ የጭቃ ጦሬን ሲደመስስ... ተዉት።

ይህን ሁሉ ለያሲን ነገርኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ጋሼ፣ ለእኛ ወታደሮች ልክ የሚሆነው እኮ ያ ጂፕ ነበር!»

ወይኔ! ትልቅ ነው ብዬ ያስወሰድኩት!

ታንኬን መልሼ ስጠቀልል «ይቆዩ እስቲ» አለኝ። ከካርቶኑ ከተማ መሀል፣ አደባባዩ ላይ የክብሪት ሳጥን አስቀመጠና ታንኩን ከላዩ አቆመው።

«ሐውልት ይሁን። ሐውልትን ስኬልህ ስንት ነው የሚለው የለም።»

መቃብር የሌለው ሰይድ፣ በክብሪት ሳጥን ላይ ሐውልት ቆመለት። እኔ ልጆቹ ያቀረቡልኝ ሻይ ትን ያለኝ አስመሰልኩ።

ከዚያ ጨዋታ ገባን። የተሰጠኝን ጦር ሁሉ ሰብስቤ አደባባዩን አስከበብኩት። ያሲን ዳይሱን እየወረወረ አንድ በአንድ ለቀማቸው።

«ጋሼ፣ ሐውልት መጠበቅ እኮ ነጥብ የለውም!»

አንድም ወታደር አልተረፈልኝም።

ፍረዱኝ እስቲ፤ እናንተ ብትሆኑ ብቻውን ትታችሁት ትሄዱ ነበር?